ላስቲኩ ይነሳ፦ ሆሳዕና ላይ ኮምፒውተር የገጣጠምኩበት ዘመን

ባለፈው ቅዳሜ ጡረታ ወጣሁ። ዕድሜዬ አሥራ ስምንት ነው።

አትሳቁ። አባቴ ስቆ ጨርሶታል። "ጡረታ የሚወጣ ሰው እኮ ወገቡን ያመዋል" አለኝ። እኔንም ያመኛል አልኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ የጠፋች ብሎን ሲፈልግ የኖረ ሰው ወገቡን ካላመመው ማንን ሊያመው ነው? የገባሁበት ቀን አለ፣ የወጣሁበት ቀን አለ። አለቃ ነበረኝ፣ ተዛውሬያለሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ ተመስግኛለሁ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ልሄድ ነው። ትልልቅ ሰዎች ሥራ ሲለቁ ትዝታቸውን ይጽፋሉ፤ እኔ የማልጽፍበት ምክንያት አልታየኝም።

የሠራሁበት ሱቅ ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ፣ በልብስ ሰፊና በጫማ መሸጫ መሀል የተሸጎጠ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ሎምባሞ ናቸው። ድሮ ሬድዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ሬድዮ የሚያሠራ ሰው ሲጠፋ ወደ ኮምፒውተር ዞሩ፤ ጆሯቸው ግን እዚያው ሬድዮው ላይ ቀርቷል። ኮምፒውተር ሲከፍቱ ስክሪኑን አያዩም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ኬዙ ላይ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ፣ ይለጥፉና "ይቺ ፋን ጉሮሮዋን ታማለች" ይላሉ። ማራገቢያዋ ተፈታ ስትታይ እውነትም ታማለች።

ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ክረምት ላይ፣ በቫይረስ የተበላ ፍላሽ ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ፍላሹን ሲያጸዱ እኔ ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፉትን ብሎኖች በየመጠናቸው ለይቼ ደረደርኳቸው። ማንም አላዘዘኝም፤ መዘበራረቃቸው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ጋሽ ሎምባሞ ዞር ብለው አዩና፦

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው።

"ነገ ተመለሺ።"

የቅጥር ደብዳቤዬ ይኸው ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ ብሩሽ ነበር። ለጥገና የመጣ ኬዝ ሁሉ መጀመሪያ በእኔ እጅ ያልፋል፤ አቧራውን አራግፋለሁ። ይሄ ዝቅተኛ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ከወራት በኋላ አቧራውን አይቼ ኬዙ ከሆመቾ ይምጣ ከከተማችን መሀል መናገር ችዬ ነበር። ቀጥሎ ወደ ፎቶ ኮፒና ጉርድ ፎቶ ተዛወርኩ፤ እዚያ "አገጭዎን ትንሽ ቀና" ማለትን ተማርኩ። ከዚያ የኋላው ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር የሚገጣጠምበት። ከበሩ እስከዚያ ጠረጴዛ አራት እርምጃ ነው፤ እኔ ግን ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል። ስለ ደመወዝ ለሚጠይቁኝ፦ ለደብተርና ለባጃጅ ይበቃ ነበር፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ጋሽ ሎምባሞ ከማንኛውም ዕቃ በፊት የመስኮቱን ብረት ይነካሉ። በሰውነት ላይ የሚጠራቀም ትንሽ ኤሌክትሪክ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ማዘርቦርድ ሊያቃጥል ይችላል፤ ብረት ሲነካ ይወጣል። ደንበኞች ግን ይህን አያውቁም። ሰውዬው ብረቱን ይዘው ለአፍታ ዝም ሲሉ እየጸለዩ ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ ከሀቢቾ የመጡ አስተማሪ ባርኔጣቸውን አውልቀው "አሜን" ብለዋል። ጋሽ ሎምባሞም ቀና ብለው "አሜን" አሉ። ምን ይበሉ?

ሌላም አመል አላቸው። አዲስ ዕቃ ላይ የሚመጣውን ስስ ላስቲክ ሲልጡ አይጥሉትም፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በተርታ ይለጥፉታል። ሥራው ሲያልቅ ጎንበስ ብለው ተርታውን ያዩና ጠቅልለው ይጥሉታል። እኔ የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ አልፌው ነበር። ለምን እንደሚያደርጉት አልጠየቅኳቸውም።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የስሙ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ተገጣጥሞ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት፣ በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ በማርከር ይጽፋሉ። "የሠራው፦ ሎምባሞ።" እኔ ወደ ኋላው ጠረጴዛ ከተዛወርኩ ወዲህ ከሥሩ ሌላ መስመር ተጨመረ። "ረዳት፦ አስቴር።" ደንበኛው አያየውም። "ታዲያ ለማን ነው የሚጻፈው?" ስላቸው፣ "ሲበላሽ ለሚከፍተው" አሉኝ። "ስሙ ውስጥ ያለበት ሰው መሸሸጊያ የለውም።" እኔ ደግሞ በልቤ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የላይኛው መስመር።

እሱንም ያገኘሁት አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ነው። አንድ ቀን ከዶዮገና እናትና ልጅ መጡ። እናትየው እትዬ አበበች በግ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ማርታ በእኔ ዕድሜ ናት፤ የሠርግ ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል በተውሶ ላፕቶፕ ለምዳ፣ የአንጋጫ ሙሽሮችን ሠርግ ቪዲዮ ልትሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ሥራ ተቀብላለች። መልሱ የሚቀጥለው እሑድ ነው፤ ቪዲዮው በዘመድ ሁሉ ፊት በትልቅ ስክሪን ይታያል። ላፕቶፑን ባለቤቱ ወስዶታል። ስለዚህ የራሷ ኮምፒውተር ይገጣጠምላት ተባለ።

ሌላ ሱቅ ብትሄዱ "ስንት አላችሁ?" ይሏችኋል። ጋሽ ሎምባሞ መጀመሪያ የሚጠይቁት ሌላ ነው።

"የት ነው የሚኖረው?"

"ዶዮገና" አለች ማርታ።

"ዶዮገናን አውቃለሁ። ቤት ውስጥ የት?"

"ሳሎን፣ ከቡፌው አጠገብ።"

"መብራቱስ?"

"ዝናብ ሲመጣ ጭልምልም ይላል" አሉ እትዬ አበበች።

"እንግዲያው ከፓወር ሰፕላዩ እንጀምር።" ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት ለየዕቃው መጥኖ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ በተረፈው የሚገዛው እሱን ነው፤ ጋሽ ሎምባሞ ግን መጀመሪያ ያስቀምጡታል፣ ከውጭ ደግሞ የመብራቱን መዋዠቅ የሚያስተካክል እስታብላይዘር ያስጨምራሉ። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ።

"ምን ያደክመዋል?"

"ቪዲዮ" አለች ማርታ። ቀጥላ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ በቀስታ፣ "ጌምም።"

"ምን አለች?" አሉ እናቷ።

"ኳስ ነው እማ። ኮምፒውተር ላይ የሚጫወቱት።"

"እኔ በጎቼን የሸጥኩት ለኳስ ነው?"

"በጎቹ ለሠርጉ ናቸው። ኳሱ ምርቃት ነው።"

ጋሽ ሎምባሞ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ምርጫው እንዲህ ሄደ። ቪዲዮ ብዙ ሥራ ባንዴ የሚሠራ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ይወዳል፤ ጌም ደግሞ ጉልበቱን ምስሉን ከሚስለው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ሁለቱንም ከላይ ከላይ እናንሳ ካልን አቅም አይፈቅድም። የማርታን ዓይን ደግሞ ሰማያዊ የሚያበሩ ፋኖችና በመስታወት የተሸፈነ ኬዝ ስበውታል። እኔ ነኝ የተከራከርኳት። "መብራቱ ቪዲዮሽን አያፈጥነውም። እሱን ትተሽ ኮምፒውተሩ ሲሠራ ሐሳቡን የሚይዝበትን ራም እጥፍ አድርጊው፤ አንድ ትልቅ ከምትገዢ ሁለት እኩል አድርገሽ ጎን ለጎን ሰኪ። የምትሠሪበት ፈጣኑ ዲስክ ላይ ይሁን፣ ያለቀው ትልቁ ዲስክ ላይ ይቀመጥ" አልኳት። ጋሽ ሎምባሞ ምንም አልተናገሩም። እሳቸው ምንም ካልተናገሩ ትክክል ነኝ ማለት ነው።

ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ ነበር። ይህን ስነግራቸው እትዬ አበበች ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣሉና ካርዱን ከእጄ ተቀበሉ። እንደ በግ ከፍ አድርገው መዘኑት። ጀርባውን ዳሰሱ።

"ይቺ ስንት ጊዜ ወልዳለች?"

"እማ!" አለች ማርታ ፊቷን ሸፍና።

"ዝም በይ። ጥርሷን አሳዪኝ አንቺ ልጅ።"

ጉድ የሚባለው፣ ካርድ በእርግጥም ጥርስ አለው። ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ጫፍ ወርቅማ፣ እኩል እኩል የተደረደረ ነው። አሳየኋቸው። "ይሄ ከጠቆረ ወይ ከተፋቀ አይገዛም" አልኩ። ብሎኖቹንም አሳየኋቸው፤ ራሳቸው ካልተቦጫጨረ ማንም ከፍቶ አልነካካውም ማለት ነው። ፋኑን በጣታቸው አዙረው እንደማይወላገድ አዩ፣ አሸተቱት፣ የተቃጠለ ነገር አይሸትም።

"ጤነኛ ናት" ብለው ፈረዱ። በዕለቱ ከተባሉት ነገሮች ሁሉ ትክክለኛው ይሄ ነበር።

የሚገጣጠምበት ቀን ሰኞ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ግን ጋሽ ሎምባሞ ሆመቾ ለቅሶ ተጠሩ። በሩ ላይ ቆመው፣ ኮታቸውን እየለበሱ፣ "ዕቃዎቹን የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ግጠሚው። ስምሽን ጻፊ" አሉኝ። እግሬ መሬት አልነካም። ልብስ ሰፊው ድረስ ሄጄ ነገርኩት።

እትዬ አበበች ከጠረጴዛዬ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። አንድ ቃል አስገቡኝ።

"ላስቲኩን እንዳታነሺ። አንዱንም። እንግዳ ሲመጣ አዲስ መሆኑ ይታይ።"

እኛ አገር ይሄ የተለመደ ነው። ቴሌቪዥን ከነላስቲኩ ዓመት ይቆያል፤ የሪሞቱማ እስኪቀደድ አይወልቅም። ስለዚህ የኬዙን ላስቲክ አልነካሁም፣ የስክሪኑንም እንዲሁ። ማዘርቦርዱን አስቀመጥኩ፣ ፕሮሰሰሩን አስገባሁ። ከዚያ ፕሮሰሰሩ ላይ ተጭኖ ሙቀቱን የሚስበውን ኩለር አነሳሁ። እስከዚያ ቀን በእጄ የገባው ኩለር ሁሉ ወይ ያገለገለ ነው ወይ ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት ፋብሪካ ተቀብቶበት የመጣ። ይሄኛው አዲስ ነው፤ ቁመቱ ስንዝር፣ ታቹ እንደ መስታወት የሚያበራ። ታቹ ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፏል።

"እንዴት ያምራል!" አሉ እትዬ አበበች። "እሱም ይቆይ።"

እጄ ቆመ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሆነ ነገር ጠርጥሬያለሁ። ስልኬንም አንስቼ ነበር። ግን ብቻዬን እንድሠራ በተፈቀደልኝ የመጀመሪያ ቀን፣ ለቅሶ ላይ ላሉ ሰው ደውዬ ስለ ላስቲክ ልጠይቅ? እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ሙቀት አይከለክልም አልኩ። ቅባቱን ቀባሁ፣ ኩለሩን ከነላስቲኩ ጫንኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ። ኮምፒውተሩም በመጀመሪያ ንክኪ ተነሳ። ከተገጣጠመ በኋላ ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ እየሠራ እንዲቆይ የማድረግ ደንብ አለን። የዶዮገናው ሚኒባስ ረዳት ግን በሩ ላይ ቆሞ "እናት፣ ሞልቷል፣ እንሂድ!" ይላል። የመዝሙር ክሊፕ ለሁለት ደቂቃ አጫወትኩና በቃ አልኩ። ማርከሩን አንስቼ በትልልቁ ጻፍኩ። "የሠራችው፦ አስቴር።" ከሥሩ ማንም የለም። ፎቶም አንስቼዋለሁ።

አርብ ጠዋት የሱቁ ስልክ ጮኸ። ማርታ ናት፤ እያለቀሰች ስለነበር መጀመሪያ አልገባኝም። ኮምፒውተሩ ቆረጣውን በደንብ ይሠራል። ሬንደር ስታደርግ ግን፣ ማለትም የተቆራረጠውን ሁሉ አዋህዶ አንድ ቪዲዮ አድርጎ እንዲያወጣ ስታዘው፣ ጥቂት ደቂቃ ይሄድና ድርግም ብሎ ይጠፋል። አምስት ጊዜ ሞክራለች። እሑድ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቷል።

ስልኩን ዘግቼ ለጋሽ ሎምባሞ ነገርኳቸው። እሳቸው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቀና ሳይሉ፦

"ውስጡ ያለው ስም የማን ነው?" አሉኝ።

"የኔ።"

"ካቻቪቴሽን ይዘሽ ሂጂ።"

ሚኒባስ ውስጥ እስከ ዶዮገና ድረስ ጥፋተኛ ስፈልግ ሄድኩ። መብራቱ ነው፣ እስታብላይዘሩ ነው፣ ያገለገለው ካርድ ነው። ቤት ስገባ ጥፋተኛውን ያገኘሁ መሰለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ነጭ ዳንቴል ተጥሎበታል፤ በጎኑ እስከ መሬት ወርዷል፣ አየር የሚወጣበትን ሁሉ ሸፍኗል።

"ይኸው!" አልኩ፣ ኮራ ብዬ። "አፍናችሁት ነው! እትዬ፣ ይሄ እኮ ይተነፍሳል!"

እትዬ አበበች ደነገጡ። ዳንቴሉን በራሳቸው እጅ አነሱት። "እኔ ክብር መስሎኝ" አሉ። ማርታ ሬንደሩን እንደገና ጀመረች። ሦስታችንም ቆመን አየን። ትንሽ ሄደ። ድርግም።

 ክዳኑን ፈታሁ። መጀመሪያ ያየሁት በትልልቁ የተጻፈውን ስሜን ነው። ከዚያ እጄን ወደ ኩለሩ አስጠጋሁ። ከታች ፕሮሰሰሩ አካባቢ ይፋጃል፤ ኩለሩ ራሱ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሙቀቱ ወደ እሱ እየደረሰ አይደለም። ያኔ ሳልፈታው አወቅኩት። ፈታሁት። ላስቲኩ እዚያው አለ፣ በሙቀት ተጨማዶ።

"ምንድን ነው?" አለች ማርታ።

ማለት የምችለው ብዙ ነበር። ላስቲኩን አታንሺ ያሉት እናቷ ናቸው፤ ሚኒባሱም አጣድፎኛል። ግን ክዳኑ ሶፋው ላይ ተደግፎ ስሜ ወደ እኔ ያያል።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። "ይሄ መነሳት ነበረበት። ጠርጥሬ ነበር፣ አልጠየቅኩም። ዳንቴሉንም ያለ ጥፋቱ ነው የሰደብኩት። ያው አየር ይዘጋልና ከእንግዲህ ባይለብስ ይሻላል፣ ግን ያጠፋው እሱ አይደለም።"

እትዬ አበበች ለልጃቸው በከምባትኛ የሆነ ነገር አሏት። ማርታ አፍንጫዋን እየጠረገች ሳቀች።

"ምን አሉ?"

"'የታመመ በግ ሸጦ ተመልሶ የመጣ ነጋዴ ገና አሁን አየሁ' ነው ያለችው።"

ቅባቱን ጠርጌ እንደገና ቀባሁ፣ ኩለሩን ራቁቱን ጫንኩት፣ በአራቱም ማዕዘን እኩል አጠበቅኩ። ማርታ ጀመረችው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ማናችንም አልተቀመጥንም። የጠፋበትን ቦታ አለፈ። እንደ ጋሽ ሎምባሞ ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ኬዙ ላይ ለጠፍኩ፤ ፋኑ ሳይስል፣ ሳያቃስት፣ እንደ ደህና ሰው ይተነፍሳል። እትዬ አበበች ቆጮና ጎመን አቀረቡ። በልተን ስንጨርስ ሙሽሮቹ ከነሙዚቃቸው ስክሪኑ ላይ እየሄዱ ነበር። ልወጣ ስል እትዬ አበበች ክንዴን ያዙኝ።

"ያን ላስቲክ ስጪኝ።"

የተጨማደደውን ላስቲክ ሰጠኋቸው። አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ አሰሩት። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ።

እሑድ ማታ ማርታ አጭር መልእክት ላከችልኝ። "የሙሽራዋ አያት አልቅሰው፣ እንደገና ይታይ አሉ።"

ከዚያ በፊት፣ ከዶዮገና በተመለስኩ ማግስት ቅዳሜ፣ ሱቅ ስገባ ሁሉንም ለጋሽ ሎምባሞ ነግሬያቸው ነበር። ሲያዳምጡ ቆዩና በጣታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መታ መታ አደረጉ፤ ከጀመሩት ሥራ የላጧቸው ሦስት ላስቲኮች ተለጥፈው ነበር።

"ክዳን ከመዝጋቴ በፊት እቆጥራቸዋለሁ። ከኩለሩ አንድ፣ ከዲስኩ አንድ፣ እንዲህ እያልኩ። ከጎደለ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ለምን አልጠየቅሽም?"

 በሚቀጥለው ኮምፒውተር ማርከሩን ሰጡኝ። እኔ ግን የላይኛውን መስመር ለእሳቸው ትቼ ከሥሩ "ረዳት፦ አስቴር" ብዬ ጻፍኩ። አልከለከሉኝም። ወደ ላይኛው መስመር የተመለስኩት ከወራት በኋላ ነው፣ በፈቃዴ፣ ላስቲኮቼን ቆጥሬ። ከዚያ ወዲህ ስሜ የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሆመቾ ኬዞች ውስጥ አለ። አንዱም ድርግም ብሎ አልተመለሰብኝም፤ ይህን ስጽፍ እጄን የቤታችን መስኮት ብረት ላይ አድርጌ ነው።

እና የመጨረሻው ቀን፣ ያለፈው ቅዳሜ። ጠዋት በሩ ላይ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

"ስሟ ውስጡ ያለው ልጅ አለች?"

እትዬ አበበች ናቸው፣ አንጋጫ የሚኖሩ እህታቸውን አስከትለው። የእህትየው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የመዝሙር ክሊፕ የሚሠሩበት ኮምፒውተር ይፈልጋሉ፤ ዕቃዎቹን ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ስንመርጥ ከርመናል። ጋሽ ሎምባሞ ወንበራቸውን ወደ ጎን ሳቡ። "ይሄን አንቺ ሥሪው። እኔ ብሎን አቀብላለሁ" አሉ።

የመስኮቱን ብረት ነካሁ። እህትየው "አሜን" አሉ። ማንም አላረማቸውም።

ኩለሩን ሳነሳ እህትየው አንገታቸውን አስግገው፣ "ውይ፣ ሲያበራ! ላስቲኩ እንኳ ይቆይ" አሉ።

"ይነሳ!" አሉ እትዬ አበበች፤ ድምፃቸው ጫማ መሸጫው ድረስ ተሰማ። መቀነታቸውን ፈቱና ያን የተጨማደደ ላስቲክ አውጥተው እህታቸው መዳፍ ላይ አስቀመጡ። "ይሄ የልጄን ሙሽሮች ሊያስቀርብኝ ነበር። ይቺ ልጅ ከነጥፋቷ መጥታ አወጣችው። አንቺ ልጅ፣ ስጪኝ፣ እኔ ልላጠው።"

ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫፉን ያዙና አንድ ጊዜ ላጡት። እኔም ተቀብዬ ጠርዙ ላይ ለጠፍኩት። ሥራው ሲያልቅ ቆጠርኩ፤ አራት መሆን ነበረባቸው፣ አራት ናቸው። ግማሽ ሰዓቱንም ከባድ ሥራ ሰጥተን፣ ሁላችንም ተቀምጠን ጠበቅን። ጋሽ ሎምባሞ ጆሯቸውን ለጠፉና በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ክዳኑን ገልብጬ ጻፍኩ። "የሠራችው፦ አስቴር።" ልዘጋው ስል ጋሽ ሎምባሞ እጃቸውን ዘረጉ።

"ማርከሩን።"

ቀኑን ሊጨምሩ መሰለኝ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው፣ ከስሜ በታች፣ ቀስ ብለው፣ ፊደሎቹን እያሳመሩ ጻፉ።

"ረዳት፦ ሎምባሞ።"

ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አቀበሉኝና ክዳኑን ዘጋሁት።